«እዚህ ጋ ነበር» የሚሉ ሰዎች ሳያልቁብን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፤
እንዲሁም አንድ ማታ እንኳ ፒያሳ ላመሸ ሁሉ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጎቴን ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። ጋሼ ሰማንያ ዓመታቸውን ደፍነዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ትዝታቸው ግን አልተነካም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ «አንድ ቀን ውሰጂኝ» ይሉኝ ነበር። ማየት የፈለጉት በ1956 ዓ.ም. በአስተናጋጅነት የተቀጠሩበትን ቡና ቤት ቦታ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ቡና ቤቱ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነበር። እንደምታውቁት ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል።

ስንደርስ መንገዱ ሰፍቷል። የእግረኛው ንጣፍ ተነጥፏል፣ አበባው ተተክሏል። ጋሼ ለጊዜው ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ የሚያውቁትን ነገር በዓይናቸው ሲፈልጉ እቴጌ ሆቴልን አገኙ። «ከዚህ እንነሳ» አሉኝ። ከሆቴሉ በር ተነስተው እርምጃ መቁጠር ጀመሩ። ድሮ ከሥራ ሲወጡ በጨለማ የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ እግሬ ያውቀዋል ብለው ነበር። መቶ ሃምሳ ገደማ ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ተከሉና «እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ፎቶ አነሳኋቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ነው።» ሌላ ቦታ ሄደን ቆምን። እዚያም ፎቶ አነሳሁ። ሦስተኛው ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ ቁጭ አሉና መቁጠሩን ተዉት።

ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገሩም። ማታ ቡና ስንጠጣ ነው አፍ ያወጡት። «ቤቱ መፍረሱን ሰምቻለሁ። ያረጀ ቤት ነው። ቦታው ይጠፋኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ንግግር ነው። የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው። የአዲስ አበባ የድሮ ቡና ቤቶች፣ የዳንስ አዳራሾችና ናይት ክለቦች የት እንደነበሩ፣ ማን እንደከፈታቸው፣ ማን እንደተጫወተባቸው፣ ቦታውን በጣታቸው ማሳየት የሚችሉ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መዝግቡልን። ከዚያም በየቦታው ስሙን የያዘች አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አኑሩልን።

«የመጠጥ ቤት ታሪክ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እናቴም ብትሆን ይህን ደብዳቤ ብታይ መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ይህችን ከተማ የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ያንኑ እቴጌ ሆቴልን ከፍተዋል። እንግዳ የሚያርፍበት፣ ሰው በገንዘቡ በልቶ ጠጥቶ የሚወጣበት ቤት ለከተማ እንደሚያስፈልግ ከማንም በፊት የገባቸው እሳቸው ናቸው። ያ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ቆሟል። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳበት ከተቃጠለው ክፍል ውስጥ ጃዝአምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ይገኝበታል። ወጣትና አዛውንት ሙዚቀኛ በአንድ መድረክ የሚገናኝበት ቤት ነበር። በማግስቱ ስንቱ ሰው ቆሞ እንዳለቀሰ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ለመጠጡ አልነበረም።

ከእቴጌ ሆቴል ብዙ ሳይርቅ ውቤ በረሃ አለ። አለ ልበል ወይስ ነበር? ስሙ ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የመጣ ነው። «በረሃ» ለምን እንደተባለ ጋሼን ስጠይቃቸው «የገባ ሰው አይገኝም ነበር፤ ሚስቱ ብትፈልገው አታገኘው፣ አለቃው ቢፈልገው አያገኘው» አሉኝ። በንጉሡ ዘመን የከተማዋ ማታ የሚጀምረው እዚያ ነበር። ሹሙም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም ይገባበታል። ቀን ቢሮ ውስጥ ሰላምታ የማይሰጣጡ ሰዎች ማታ አንድ ባንኮኒ ላይ ይደገፋሉ።

ጋሼ የሚሠሩበት ቤት ከእነዚያ ትልልቆቹ አንዱ አልነበረም። ሁለት ክፍል ነው። በሩ ላይ ቀይ አምፖል፣ መግቢያው ላይ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ሸክላ ማጫወቻ። ባለቤቷ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሒሳባቸውን የሚይዙት በቆርኪ ነው። ጋሼ አንድ ቢራ በከፈቱ ቁጥር ቆርኪውን ቀኝ ኪሳቸው ይከታሉ። ለስላሳ ከሆነ ግራ ኪስ። ሌሊት ላይ ቤቱ ሲዘጋ ኪሳቸውን ባንኮኒው ላይ ይገለብጣሉ። ሴትየዋ ቆርኪውን አሥር አሥር እያደረጉ ይደረድራሉ። ከዚያ ብሩን ይቆጥራሉ። አንድ ቆርኪ ከበለጠ ከጋሼ ደሞዝ ይቆረጣል። አንድ ብር ከበለጠ ደግሞ «ጉርሻህ ነው» ብለው ይመልሱላቸዋል። ጋሼ መክፈቻውን እስከ ዛሬ አልጣሉትም። እጀታው ተበልቷል። ጫፉ ላይ ያለው ብረት ሳስቶ ወረቀት አክሏል። መሳቢያቸው ውስጥ ከጡረታ ደብተራቸው ጎን ይቀመጣል።

ይህን የጻፍኩት የጋሼ ታሪክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በየትኛውም መዝገብ ያላገኘሁት የሥራ ታሪክ ስለሆነ ነው። የቡና ቤት ሒሳብ እንዴት ይያዝ ነበር? ዕቃ በዱቤ ከማን ይመጣ ነበር? ቅዳሜና እሑድ ስንት ሰው ይገባል? ይህን የሚያውቁት አስተናጋጆች፣ ዘበኞችና ባለቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ አልፈዋል።

ስለ ባለቤቶቹ ልናገር። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ የሴት ነበሩ። በዚያ ዘመን አንዲት ያልተማረች ሴት በራሷ ስም ገንዘብ ይዛ፣ ሠራተኛ ቀጥራ፣ ከቢራ ፋብሪካ ጋር ተዋውላ የምትኖርበት ሥራ ብዙ አልነበረም። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው አሰገደች አላምረው ናቸው። ውቤ በረሃ ውስጥ ፓትሪስ ሉሙምባ የሚባለውን ክለብ የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። ስሙን ልብ በሉልኝ። ሉሙምባ የተገደሉት በ1953 ዓ.ም. ነው። አንዲት አዲስ አበቤ ሴት የኮንጎውን መሪ ስም አውጥታ በጭፈራ ቤቷ በር ላይ ሰቀለች። ሙሉቀን መለሰ በልጅነቱ፣ በ1958 ገደማ መድረክ የጀመረው በዚያ ቤት ነው። ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ አገር አለቀሰለት። መጀመሪያ ማይክ የሰጠችው ቤት የት እንደነበረች ግን ልጆቻችንን ብንጠይቃቸው አያውቁም።

በእነዚያ ቤቶች ክፉ ነገር አልነበረም አልልም። ነበር። ከገጠር በልጅነት የመጡ ሴቶች ያለ ፍላጎታቸው ሰው ያስተናገዱባቸው ቤቶች ነበሩ። ተደብድበው ማንም ያልጠየቀላቸው አሉ። ታመው ወድቀው ዘመድ ሳያያቸው የተቀበሩ አሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀየራል። «ለዘፈኑ ታሪክ ጻፉ፤ ለእነሱስ?» ብለውኛል። እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። ምዝገባው የሚሠራ ከሆነ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ የሚይዝ እንዳይሆን። የጋሼን አሠሪ ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው። ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። እናታቸው ቡና ቤት እንደነበራቸው እንዲነገር ይፈልጉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አንድ መሥሪያ ቤት በክብር ሄዶ ቢጠይቃቸው ግን ምናልባት እሺ ይላሉ። በኩራትም ይናገሩ ይሆናል። እስካሁን በክብር የጠየቃቸው ሰው የለም።

ሙዚቃውስ ከየት መጣ? ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም አንባቢ ይስማው። በ1924፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። የነፋስ መሣሪያ በዚህች ከተማ ሥር የሰደደው ከእነሱና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጀምሮ ነው። በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ነበር። አለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ሠራዊት ነበር። ሙዚቀኛው የመንግሥት ወታደር ነው። ቀን ዩኒፎርም ለብሶ ማርሽ ይመታል። ማታ ዩኒፎርሙን አውልቆ የሚወደውን የሚጫወትበት ቦታ ያስፈልገዋል። ያ ቦታ ክለቡ ነበር።

የአሪዞና ክለብን ታሪክ የማይወድ ሰው አላውቅም። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚሰባሰቡበት ቤት ነበር። እዚያ ውስጥ የሚላላክ አንድ ወጣት ነበር። ቀደም ሲል ጫማ ይጠርግ ነበር። በ1954 ገደማ አንድ ማታ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ «እኔ ልሞክር» አለ። ፈቀዱለት። ማህሙድ አህመድ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያችን ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ባይኖር፣ ወይም ቤቱ ልጁን የማያስገባ ቢሆን፣ ያ ድምፅ የት ይሰማ ነበር? ታዲያ ይህ የሆነበት ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ ቢቆም ለማን ይከብደዋል?

ከዚያ የሆቴሎቹ ዘመን መጣ። በዚያ ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር። ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ከበሮውም የሆቴሉ ነው። ስለዚህ ባንዱም በቤቱ ስም ይጠራል። ራስ ባንድ፣ ሸበሌ ባንድ፣ ሆቴል ዳፍሪክ ባንድ ሲባል የሰማችሁት ለዚህ ነው። ሙዚቀኛው ቢጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ ባንድ የተለየው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ቬነስ ክለብ ሲጫወቱ ቆይተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። በራሳቸው ስም ቆሙ። ከዚያ ሒልተን ገብተው ለዓመታት ተጫወቱ። አይቤክስ ባንድ የሚጫወተው ራስ ሆቴል ነበር። ዳህላክ ባንድ ደግሞ ጊዮን ሆቴል ነበር። አስቴር አወቀ ለራሷ ካሴት ከማሳተሟ በፊት በሆቴል ዳፍሪክ፣ በሸበሌና በአይቤክስ ባንዶች ዘፍናለች። ቤቱ፣ መሣሪያውና ባንዱ እንዲህ የተያያዙ ስለነበሩ አንዱን ትቶ የሌላውን ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

ጋሼም በዚያ ዘመን ቡና ቤቱን ትተው ሆቴል ገቡ። ነጭ ኮት ተሰጣቸው። የዳንሱ አዳራሽ ወለል ከመከፈቱ በፊት በሻማ ሰም ይወለወል እንደነበር ይነግሩኛል። ጫማ እንዲንሸራተት ነው። አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው በዚያ ወለል ላይ ላለመውደቅ የጫማቸውን ሶል በምላጭ ይቧጥጡ ነበር። ሴቶቹ ፀጉራቸውን አፍሮ አድርገው፣ ወንዶቹ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሲገቡ ጋሼ ከበሩ ጎን ቆመው ያያሉ። «እኛ የደንበኛውን ፊት አናይም፤ ጫማውን ነው የምናየው» ይላሉ። በጫማው ማን ጉርሻ እንደሚሰጥ ይለዩ ነበር አሉ።

ሸክላ በግል ማሳተም የተጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ሙዚቃ የማሳተሙ መብት የመንግሥት ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። በህዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተጫወተ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሽልማት ተቀበለ። ከሦስት ወር በኋላ የካቲት 1966 ገባ።

አብዮቱ ለእነዚህ ቤቶች ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንዱ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። በብዙ ዓመት ልፋት ሁለትና ሦስት ቤት የሠሩ ቡና ቤት ባለቤቶች ትርፉ ተወረሰባቸው። የተከራዩትም ኪራያቸውን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ። የጋሼ የድሮ አሠሪ ከዚያ ወዲህ አንዷን ክፍል ለመኖሪያ፣ አንዷን ለጠላ አደረጓት። ቀዩ አምፖል ወረደ። ብዙዎቹ ቤቶች እንዲህ ሆነው የቀበሌ ቤት ተብለው አርባ ምናምን ዓመት ቆዩ። ሲፈርሱ በመዝገብ ላይ የቤት ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ሰዓት እላፊ ነው። ይህን የኖሩበት ሰዎች ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ከሰዓት እላፊ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ስለዚህ ሆቴሎቹ መላ ፈጠሩ። ሰዓቱ ሲደርስ በር ይዘጋል። የገባው ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በቃለ መጠይቅ ደጋግመው ተናግረውታል። ጋሼ ደግሞ ያን ሌሊት ከትሪው በኩል ይነግሩኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመው ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። አንዱ ሾርባ ይጠይቃል። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይደንሳሉ። ሙዚቃው በመሀል ሲያርፍ ከውጭ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ወይ ተኩስ። ያኔ አዳራሹ ሙሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው «ኧረ ምቱት!» ይላል። ከበሮው ይነሳል።

ሲነጋ በሩ ይከፈታል። ጋሼ ከወለሉ ላይ ብርጭቆ ሲለቅሙ ቆይተው በእግራቸው ወደ ቤት ይመጣሉ። መንገድ ላይ ሬሳ ያዩበት ጠዋት አለ። ትኩስ ዳቦ ገዝተው የገቡበት ጠዋት አለ። አያቴ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነበር የምትጠብቃቸው። ያን ዘመን በቀይ ሽብር ታሪክ ውስጥ እናውቀዋለን፤ ልክም ነው። ግን በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ከተማ፣ በር ዘግቶ እስኪነጋ የሚደንስ ሰው ነበር። ፈርቶ ነው የሚደንሰው። ይህ ካልተጻፈ የዚያ ዘመን ታሪክ ይጎድላል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ብዙዎቹ ሄዱ። ዋልያስ በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከባንዱ አባላት የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ከእነዚያ አንዱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ በማይኖርበት ጊዜ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ዛሬ የዓለም መድረክ ላይ ተመልሷል። ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከዚያ ዘመን አስተናጋጅና ዘፋኝ ብዙዎቹ እናንተ ዘንድ ናቸው። ይህ ደብዳቤ ለእናንተም ነው።

ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሳ ማታው እንደገና ተከፈተ። የእኔ ትውልድ የሚያውቀው ይህን ነው። ካዛንቺስ ከአዝማሪ ቤቶቹ ጋር፣ ቺቺንያ፣ ዳትሰን ሰፈር፣ ቦሌ መንገድ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀረ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ድርጅት በምህፃረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሰው ሲጠራው ሲጠራው ካዛንቺስ ሆነ። እነ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት የነበሩበት ያ ሰፈር አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። እኔ ማሲንቆ ከፊቴ ሲመታ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። አዝማሪው ስለ ነጠላዬ ቀለም ግጥም ገጠመልኝ። ቤቷን ዛሬ ፈልጊ ብባል ከጋሼ አልሻልም። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ልማቱን ለመቃወም አልጻፍኩም። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ዘመድ ነበረኝ። ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ሥር ባልዲ ይደረደራል። ሰው ከዚያ ወጥቶ የተሻለ ቤት ቢያገኝ ደስታዬ ነው። መንገዱም አምሯል፤ ማታ ማታ ሰው በእግሩ ሲንሸራሸርበት ሳይ ደስ ይለኛል። የምለው ሌላ ነው። ሙዚቃው ተርፏል። ሸክላዎቹ በሲዲ ታትመዋል፣ ከፓሪስ እስከ ቶኪዮ ይሰማሉ። እንግዳ ስንቀበል የምናሰማው ያንኑ ነው። ኢትዮ ጃዝ ብለን እንኮራበታለን። ሙዚቃው የተወለደበት ክፍል ግን ፎቶው የለም፣ ካርታው የለም፣ የበሩ ጽሑፍ የለም። አሁን የቀረን የሰው ጣት ብቻ ነው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይመስለኝም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ ቁጥርና ሁለት ሦስት ወጣቶች ይበቃሉ። ከዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍልና ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈቃደኛ ተማሪ አይጠፋም። በሬዲዮ ይነገር። የድሮ አስተናጋጅ፣ ዘበኛ፣ ካሸር፣ ሙዚቀኛ፣ የቡና ቤት ባለቤት ወይም ልጃቸው ይደውሉ። ተማሪው ይዟቸው ቦታው ላይ ይሂድ፣ ይቅረጽ። እንደ ጋሼ ቦታው ሲጠፋቸው ደግሞ የድሮ የከተማ ካርታና የቀበሌ የቤት ቁጥር መዝገብ ያግዛል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሳሳት ሦስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ሲከራከር ትክክለኛው ይገኛል። ጋሼ የዚያን ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ብናቆማቸው ኖሮ ሦስት ቦታ ላይ ፎቶ አላነሳም ነበር።

ዕቃም አለ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የመግቢያ ትኬት፣ ከዳንስ አዳራሽ የተነሳ ፎቶ፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ የባንድ ዩኒፎርም አለ። ሰው ሲሞት ልጆቹ ምንነቱን ስለማያውቁት ይጥሉታል። መስቀል አደባባይ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም አንድ ጥግ ቢሰጠው ሰው ያመጣል። እኔ በበኩሌ አመጣለሁ።

ሰሌዳዋን በተመለከተ፣ ትልቅ ሐውልት አልጠየቅኩም። የእግረኛው ንጣፍ ላይ አንድ ክንድ የምታክል ትበቃለች። የቤቱ ስም፣ የቆየበት ዓመት፣ የባለቤቷ ስም ከተፈቀደ፣ እዚያ የተጫወተ ሰው ካለ እሱም። ንጣፉ ገና አዲስ ነው። አንዷን ጡብ አንስቶ በሌላ መተካት ዛሬ ቀላል ነው። ከሁሉም በፊት አሪዞናና ፓትሪስ ሉሙምባ ቢጀመሩ ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው። የተሻለ የሚያውቅ ካለ እሱ ይናገር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎቹ በጣም አርጅተዋል። በ1956 አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረ ሰው የዛሬ ዕድሜውን አስቡት። ጋሼ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በየዓመቱ ለጊዮርጊስ ይሰባሰቡ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሁለት ነበሩ አሉ። ዘንድሮ ሦስት ሆነው ነው የተገናኙት። አንደኛው ዓይናቸው አያይም።

ጋሼ ማክሰኞና ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው። በሌላው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ጉልበታቸው ደህና ነው። ልብስ ሰፊውንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። የምትልኩት ሰው ካለ እኔ ሁለቱንም ይዤ እቴጌ ሆቴል በር ላይ እጠብቃለሁ። የሚያርፉበት ተጣጣፊ ወንበር ብቻ ያስፈልገናል። ጋሼ መክፈቻውንም ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአራዳ ልጅ
አዲስ አበባ